መድኃኒት የተባለው መርዝ፦ ከጃቫ የሩዝ ማሳ የተገኘ ትምህርት

የአገራችን ግብርና በተነሣ ቁጥር የከተማው የተማረ ወገን የሚከራከረው በሦስት ነገሮች ዙሪያ ነው፦ በመሬት ይዞታ፣ በማዳበሪያ ዋጋና በምርጥ ዘር። አራተኛው ነገር፣ ማለትም ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የባለሙያ ጉዳይ ነው ተብሎ ወደ ጎን ይተዋል። ይህን የግብርና ሚኒስቴር ያውቅበታል፣ እኛን የፖለቲካ ታዛቢዎችን ምን አገባን የሚል ስሜት ያለ ይመስለኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። መርዙ በማን ገንዘብ እንደሚገዛ፣ ማን እንዲረጨው እንደሚታዘዝ፣ ስለ ማሳውም የማን ቃል እንደሚታመን የሚወስነው ፖለቲካ ነው።

ይህን አንድም ነገር ሳይሸሽግ የሚያሳይ የታሪክ ምዕራፍ በኢንዶኔዥያ፣ በተለይም በጃቫ ደሴት ተፈጽሟል። አንድ ኃያል መንግሥት በራሱ በጀት ተባይ ማራባቱን፣ ኋላም በአንድ ትእዛዝ ማቆሙን፣ ከዚያም ትእዛዝ ብቻውን እንደማይበቃ መረዳቱን የሚተርክ ምዕራፍ ነው። አንባቢ እንዳይደናገር፣ ካልተገለጸ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩዝና ሥልጣን

በ1965 እና በ1966 ኢንዶኔዥያ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኮሚኒስትነት ተፈርጀው ተገደሉ። ከኮሚኒስት ፓርቲው ጋር የተቆራኘው ታላቁ የገበሬዎች ማኅበርም አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በጃቫ መንደሮች ገበሬን ማደራጀት በራሱ የሚያስጠረጥር ሥራ ሆነ። ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ሱሃርቶ «አዲስ ሥርዓት» ያሉትን አገዛዝ ሲዘረጉ ለሕዝቡ የገቡት ቃል የነፃነት ሳይሆን የሩዝ ቃል ኪዳን ነበር። ሩዝ ለጃቫ ሰው እንጀራ ለእኛ እንደሆነው ነው፤ ሲወደድ ከተማው ይናወጣል፣ ከተማው ሲናወጥ ቤተ መንግሥቱ ይናወጣል። ከሱሃርቶ በፊት የነበሩት ሱካርኖ በወደቁበት ዘመን የዋጋ ንረቱና የሩዝ እጥረቱ ያደረሰውን አዲሱ ገዢ በዓይናቸው አይተዋል።

በዚያው ጊዜ በፊሊፒንስ ሎስ ባኞስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም «አይ አር 8» የተባለውን አጭር ግንድ ያለው፣ ማዳበሪያ የሚቀበልና ብዙ የሚያፈራ ዝርያ በ1966 አወጣ። ኢንዶኔዥያም ይህንኑ አረንጓዴ አብዮት «ቢማስ» በተባለው መርሐ ግብር ወደ መንደር አወረደችው። ቢማስ ማለት ዛሬ እኛ ፓኬጅ የምንለው ነው፦ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ፀረ ነፍሳት መርዝና ብድር ባንድ ላይ ተጠቅልለው ለገበሬው ይሰጣሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ከውጭ ኩባንያዎች ጋር እስከ መዋዋል ደረሰ፤ በውሉ መሠረትም አውሮፕላን በጃቫ ማሳዎች ላይ እየበረረ መርዝ ይረጭ ነበር። ማሳው የእርሱ የሆነው ገበሬ ይረጭ ወይስ አይረጭ ተብሎ አልተጠየቀም። ውሉ ብዙ ተቃውሞ ቀርቦበት በ1970 ቢቋረጥም አስተሳሰቡ አልተቋረጠም። መርዙ ተባይ ታየም አልታየም በቀን መቁጠሪያ መሠረት መረጨቱን ቀጠለ።

ገበሬው እንዲረጭ የሚገፋፋው ሌላው ኃይል ዋጋው ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ከመርዙ ዋጋ 80 በመቶ ያህሉን ራሱ ይከፍል ነበር፤ ይህም በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣው ነበር። እንዲህ የረከሰን ነገር አለመጠቀም ለገበሬው ሞኝነት ይመስላል። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው የእኛ ተረት ለዚህ የተተረተ ነው የሚያሰኝ ነው።

ወረንግ

ገደሉ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ቡናማ ነፍሳት ነበረች። የጃቫ ሰዎች «ወረንግ» ይሏታል። ከሩዙ ግንድ ሥር ተቀምጣ የተክሉን ፈሳሽ ትመጥጣለች፤ ስትበዛ ማሳው እሳት እንደ ለበለበው ደርቆ ይቀራል። ከአረንጓዴው አብዮት በፊት ወረንግ ነበረች፤ ነገር ግን ስሟን የሚያነሣ እምብዛም አልነበረም። ለጥቂት ዓመታት ብዙ መርዝ ከተረጨ በኋላ ግን በ1970ዎቹ አጋማሽ የአገሪቱ ቁጥር አንድ የሩዝ ጠላት ሆነች። በ1977 ብቻ ያወደመችው ሩዝ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ እንደነበር ተገምቷል። ያኔ ኢንዶኔዥያ ከዓለም ገበያ ሩዝ ከሚገዙ አገሮች ሁሉ ትልቋ ነበረች።

ብዙ የተረጨባት ተባይ እንዴት ብዙ ትራባለች? ይህን ጥያቄ ከመለሱት መካከል ስሙ በግንባር ቀደምትነት የሚጠራው አሜሪካዊው የነፍሳት ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ፒተር ኬንሞር ነው። በፊሊፒንስ ማሳዎች ውስጥ ባካሄደውና በ1980 ለበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ፣ መርዝ የተረጨበትን ማሳ ካልተረጨበት ጋር አነጻጸረ። ባልተረጨው ማሳ ወረንግ ጥቂት ሆና ቆየች። በተረጨው ግን በመቶዎች እጥፍ በዛች።

ምክንያቱ ሲገለጥ ለማንም ግልጽ ነው። እናቲቱ ወረንግ እንቁላሏን የምትጥለው በሩዙ ቅጠል እቅፍ ውስጥ ነው፤ መርዙ እዚያ አይደርስም። ርጭቱ ትልልቆቹን ይገድላል፤ ከእነርሱም ጋር ጠባቂዎቹን ሁሉ ይገድላል። ጠባቂዎቹ እነማን ናቸው? ድር ሳታደራ በግንዱ መካከል እየሮጠች የምታድነው ሸረሪት አለች፤ የወረንግን እንቁላል እየወጋ የሚመጥ ትንሽ አረንጓዴ ነፍሳት አለ፤ እንቁላሉ ውስጥ የራሳቸውን እንቁላል የሚጥሉ ጥገኛ ተርቦች አሉ፤ ጥንዚዛና የውሃ ተርብ አለ። በሳምንት ገደማ ውስጥ የወረንግ ጫጩቶች ከእቅፋቸው ሲወጡ የሚጠብቃቸው ጠላት የሌለበት ዓለም ነው። አንዲት እናት መቶዎች እንቁላል ትጥላለች፤ ትውልዱም በአንድ ወር ገደማ ይተካል። ሸረሪቷ ግን እንዲህ ቶሎ አትተካም። ይባስ ብሎ አንዳንዶቹ መርዞች በትንሽ መጠን ሲደርሷት ወረንግ የበለጠ እንድትወልድ እንደሚያደርጓት የሎስ ባኞስ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል።

ቆይቶ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነገር ታወቀ። ዊልያም ሴትልና የኢንዶኔዥያ ባልደረቦቹ በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ገና ተባይ ሳይገባበት ሸረሪቶችንና ሌሎች አዳኞችን እንደሚመግብ አሳዩ። ምግባቸው በበሰበሰ ገለባና በውሃው ውስጥ ባሉ ደቃቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሚኖሩ፣ ሩዙን የማይነኩ ጥቃቅን ዝንቦች ናቸው። ማሳው ጠላት ከመምጣቱ በፊት ሠራዊቱን አሰልፎ፣ ስንቁንም ራሱ አዘጋጅቶ ይጠብቃል ማለት ነው። በቀን መቁጠሪያ የሚረጨው የመጀመሪያው ርጭት የሚያጠፋው ይህንኑ ሠራዊት ነበር።

ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ መቆጣጠር በእርግጥ አዲስ ግኝት አልነበረም። የቻይና አትክልተኞች የብርቱካን ዛፎቻቸውን ለማስጠበቅ የጉንዳን ጎጆ ገዝተው በዛፉ ላይ ያንጠለጥሉ እንደነበር ከ1,600 ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ጽሑፍ ይመሰክራል። በካሊፎርኒያም በ1880ዎቹ መጨረሻ ከአውስትራሊያ የመጣች አንዲት ጥንዚዛ የሎሚና የብርቱካን እርሻውን ከጥፋት አድናለች። የጃቫው ታሪክ ልዩነቱ ጠባቂው ከውጭ መምጣት አለማስፈለጉ ነው። ጠባቂው እዚያው ነበር፤ የሚያስፈልገው መግደልን ማቆም ብቻ ነበር።

በሮም የተገኘው ክብር

የኢንዶኔዥያ መንግሥት በመጀመሪያ የመረጠው መፍትሔ ወረንግን የሚቋቋም ዘር ማፈላለግን ነው። «አይ አር 26» መጣ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወረንግ ለመደችው። ቀጥሎ «አይ አር 36» መጣ፤ ይህ ዘር ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል ምርቱ አደገ፤ በ1984 ኢንዶኔዥያ በሩዝ ራሷን መቻሏን አወጀች። በኖቬምበር 1985 ሱሃርቶ ወደ ሮም ተጋብዘው፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) 40ኛ ዓመት በዓል ላይ በክብር ንግግር አደረጉ። የኢንዶኔዥያ ገበሬዎች ለተራቡት የአፍሪካ አገሮች ሩዝ ማዋጣታቸውንም በዚያው አስታወቁ። ያ ዓመት የእኛ የ1977ቱ ረሃብ ዓለምን ያስለቀሰበት ዘመን ነበር። ትናንት ሩዝ ስትለምን የነበረች አገር ለተራበ ለመስጠት መብቃቷ የሚያስቀና ነገር ነው፤ በዚያ አዳራሽ የነበረ ሰው ሁሉ አርአያ ያገኘ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ዓመት ሳይሞላ ወረንግ ተመለሰች። በ1986 በጃቫ ሰፊ የሩዝ ማሳ ተመታ፤ በሮም የታወጀው ድል በአንድ የአዝመራ ወቅት ሊቀለበስ ሆነ። መርዙ በሽያጭም በድጎማም ከመቼውም ይልቅ በዝቶ ሳለ ነው ይህ የሆነው።

ኖቬምበር 5 ቀን 1986

በመንግሥቱ ውስጥ ሁለት ወገን ነበር። አንደኛው ወገን ርጭቱ ይጨመር ይላል፤ በዚህ ወገን የግብርና ቢሮክራሲውና ከመርዝ ንግድ የሚጠቀሙ ሁሉ ተሰልፈዋል። ሁለተኛው ወገን እንደ ኢዳ ኞማን ኦካ ያሉ የአገሪቱ የነፍሳት ሊቃውንት ነበሩ፤ ከፋኦ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ወረንግን የፈለፈለው ርጭቱ ራሱ ነው ብለው ይሟገቱ ነበር። ለዓመታት ሲናገሩ የሚሰማቸው አልነበረም። በ1986 ግን ሁለት ነገር ተገጣጠመ፦ ወረንግ ተነሣች፣ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። የኢንዶኔዥያ መንግሥት በጀት በነዳጅ ገቢ የቆመ ነበርና ግምጃ ቤቱ ተራቆተ፤ በሴፕቴምበርም የአገሪቱ ገንዘብ ሩፒያ ዋጋው ዝቅ እንዲል ተደረገ። የብሔራዊ የፕላን መሥሪያ ቤቱ ኢኮኖሚስቶች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚበላ ድጎማ ተባይ የሚያራባ ከሆነ ለምን እንሰጣለን ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ሳይንስ ብቻውን ያልከፈተውን በር ባዶ ካዝና አገዘው። ይህን የምለው የሊቃውንቱን ድካም ለማሳነስ አይደለም፤ እውነት ተዘጋጅታ ካልጠበቀች ቀውስ ሲመጣ የሚሰማው የሻጩ ድምፅ ብቻ ይሆን ነበርና ነው።

ኖቬምበር 5 ቀን 1986 ሱሃርቶ የፕሬዚዳንት መመሪያ ቁጥር 3ን ፈረሙ። መመሪያው 57 የፀረ ነፍሳት ምርቶች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ። የተቀናጀ የተባይ መከላከል ዘዴ የአገሪቱ ፖሊሲ እንዲሆንም አዘዘ። ይህ ማለት መርዝ ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ጤናማ ተክል ይበቅል፣ የተፈጥሮ ጠላቶች ይጠበቁ፣ ማሳው በየጊዜው ይፈተሽ፣ መርዝ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ነው ማለት ነው። ድጎማው በደረጃ እየቀነሰ በ1989 መጀመሪያ ፈጽሞ ተነሣ። ውጤቱ በአጭር ጊዜ ታየ። በሩዝ ላይ የሚረጨው መርዝ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ወረንግ ወደ ድሮ ቦታዋ ተመለሰች፤ የሩዝ ምርቱም ይወድቃል የተባለው አልደረሰም፤ እንዲያውም አደገ።

ከመድኃኒት ወደ መርዝ

ትእዛዝ ሱቅ መዝጋት ይችላል፤ ገበሬው ማሳው ውስጥ የሚያየውን እንዲረዳ ማድረግ ግን አይችልም። ለሃያ ዓመታት «ነፍሳት ካየህ እርጭ» ሲባል የኖረ ሰው ሸረሪትንም ወረንግንም በአንድ ዓይን ያያል። እናም በ1989 በፋኦ እገዛ «የገበሬዎች የማሳ ትምህርት ቤት» የተባለው ተጀመረ። ሃያ አምስት ያህል ገበሬዎች በአዝመራው ወቅት በሳምንት አንድ ቀን ማሳ ውስጥ ይገናኛሉ። ጥቁር ሰሌዳ የለም፤ ንግግር የሚያደርግ ባለሥልጣን የለም። ገበሬዎቹ ወደ ማሳው ገብተው ግንድ በግንድ ይቆጥራሉ፤ ያዩትን ተክል፣ ተባይና አዳኝ በትልቅ ወረቀት ላይ ይሥላሉ፤ ከዚያ «ይረጭ ወይስ አይረጭ?» ብለው ይከራከራሉ። ሸረሪትና ወረንግ በአንድ ዕቃ አስገብተው ማን ማንን እንደሚበላ ይመለከታሉ። በወጣት ሩዝ ላይ ቅጠሉን ራሳቸው በመቀስ እየቆረጡ፣ ተክሉ የጠፋበትን መልሶ እንደሚያበቅልና በቅጠል ላይ የታየ ጉዳት ሁሉ የምርት ጉዳት እንዳልሆነ ይፈትናሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሳበኝ ስለ አንድ ቃል የሚነገረው ነው። የኢንዶኔዥያ ገበሬዎች ፀረ ተባይ ኬሚካልን «ኦባት» ይሉት ነበር፤ ትርጉሙ መድኃኒት ነው። በማሳ ትምህርት ቤቱ ግን «ራቹን» እንዲባል ተደረገ፤ ትርጉሙ መርዝ ነው። ቀላል የቃል ለውጥ ይመስላል። ሆኖም መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም ነው፤ ተቀባዩም በሽተኛ ነው። በሽተኛ አይጠይቅም፤ የታዘዘለትን ይወስዳል። መርዝ ሲባል ግን ሰው ይጠነቀቃል፤ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ቃል ገበሬውን ታዛዥ ያደርገዋል፣ ሌላው መርማሪ።

ይህ የሆነው ደግሞ ገበሬ መደራጀት በሚያስፈራበት አገር ነው። ስለ ሸረሪት ለመነጋገር የሚሰበሰቡ ሃያ አምስት ሰዎች ለማንም ስጋት አይመስሉም። ነገር ግን ከአንድ ወቅት በኋላ እነዚያ ሰዎች የመንግሥትን ባለሙያ «ይህን የምትለው በምን ማስረጃ ነው?» ብለው መጠየቅ ችለው ነበር። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል የኢንዶኔዥያ ገበሬዎች በዚህ ትምህርት አልፈዋል። ዘዴውም ወደ ቬትናም፣ ወደ ባንግላዴሽና ወደ ብዙ የእስያ አገሮች፣ ኋላም ወደ አፍሪካ ተሻገረ።

ድል የማይጸናው ለምንድን ነው?

ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሞ ማጨብጨብ ቀላል ነበር፤ ግን ታማኝነት አይሆንም። በ1990ዎቹ ትምህርቱ በብድር ገንዘብ በፍጥነት ሲስፋፋ ጥራቱ ላላ። የዓለም ባንክ ኢኮኖሚስቶች በ2004 ባሳተሙት ግምገማ፣ በትምህርቱ ባለፉትና ባላለፉት ገበሬዎች መካከል በምርትም ሆነ በመርዝ አጠቃቀም ጎላ ያለ ልዩነት አላገኘንም ብለዋል። ሌሎች አጥኚዎች በዚህ አይስማሙም፤ ክርክሩም ለዓመታት ዘልቋል። ሁለቱ ወገን የማይክዱት ግን ቀጥሎ የሆነውን ነው። በ1998 ሱሃርቶ ወደቁ፤ በ1999 ብሔራዊ መርሐ ግብሩ አበቃ፤ የግብርና ምክር አገልግሎቱም ወደ ወረዳ መስተዳድሮች ተላልፎ ተበታተነ። በዚያው ልክ የመርዝ ገበያው ተከፈተ፤ የመንግሥት ድጎማ የወጣበትን ቦታ የነጋዴ ማስታወቂያ ያዘው። የመንግሥት ባለሙያ በማይደርስበት መንደር የመርዝ ሻጩ ደረሰ። ከ2009 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት ወረንግ በጃቫ ማሳዎች ላይ እንደገና ተነሣች። ያው ነፍሳት፣ ያው ስሕተት፣ ሌላ ሻጭ።

ከዚህ የምወስደው ድምዳሜ ይህ ነው፦ መርዙን ለመቀነስ ሦስት ነገር አብሮ መቆም አለበት፤ የሚከለክል ሕግ፣ ጥፋትን የማይደጉም በጀት፣ የሚመረምር ገበሬ። ሱሃርቶ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በፊርማ አደረጉ። ሦስተኛው በፊርማ አይመጣም። በፊርማ የመጣው ደግሞ በሌላ ፊርማ ይሄዳል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

«ኦባት» የሚለውን ቃል ስሰማ የደነገጥኩት እኛም «መድኃኒት» ስለምንል ነው። የእኛም ገበሬ «መድኃኒት ረጨሁ» ይላል፤ ባለሙያውም ይላል፤ በሱቁ በር ላይም እንደዚያ ይጻፋል።

ይህ መድኃኒት በአገራችን ምን እንደተወ ከሚመሰክሩት አንዱ የመጋዘኖቻችን ታሪክ ነው። በዚህ ምዕተ ዓመት መባቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት የፀረ ተባይ ክምችት ወደ 3,000 ቶን ይገመት ነበር፤ በአፍሪካ ከሚገኙት ትላልቅ ክምችቶችም አንዱ ነበር። ለአንበጣ፣ ለወባና ለተምች ተብሎ በግዢም በእርዳታም ለአሥርተ ዓመታት የገባ ነው። በርሜሉ ዝጎ መርዙ ወደ መሬት ይንጠባጠብ ነበር። በኋላ በፋኦ አስተባባሪነት እየታሸገ ለመቃጠል ወደ ፊንላንድ ተላከ። በእርዳታ የመጣውን መርዝ በእርዳታ አስወጣነው ማለት ነው። በ2010፣ በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም.፣ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ወጣ። ሕግ አለን፤ ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው።

በ2017 የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ በቆሎ ማሳችን ሲገባ የመጀመሪያው ምላሽ መርዝ ማከፋፈል ነበር፤ ገበሬውም ትሉን በእጁ እየለቀመ ታገለ። በዚያው ሰሞን ተመራማሪዎች የተምቹን ትሎች ከማሳ ሰብስበው ሲያሳድጉ ያልጠበቁት ነገር አገኙ። ከአንዳንዶቹ ትሎች ተምች ሳይሆን ጥቃቅን ተርብ ወጣ። በ2018 በወጣው ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከተሰበሰቡት ትሎች እንደየቦታው ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት በአንዲት የአገር በቀል ጥገኛ ተርብ ተይዘው ነበር። ጠላቱ ከውቅያኖስ ማዶ በመጣ ጥቂት ጊዜ ውስጥ የእኛ ተርብ አውቃው ሥራ ጀምራ ነበር ማለት ነው። ማንም አላዘዛትም፤ በጀትም አልተመደበላት። የምትጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳንረጭባት።

በአርባ ምንጭ አካባቢ ደግሞ ጥጥ አምራች ገበሬዎች ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የጃቫውን ዓይነት የማሳ ትምህርት ሞክረዋል። ከበቆሎና ከቢራ እርሾ የተዘጋጀ ምግብ በጥጡ ላይ እየረጩ ጠቃሚ ነፍሳትን ወደ ማሳቸው ይጠሩ ነበር። መርጫው ያው ነው፤ የሚረጨው ግን ለጠባቂው ግብዣ ነው።

አንበጣን የሚያነሣ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ከ2019 እስከ 2021 በምሥራቅ አፍሪካ ሰማዩን የሸፈነውን መንጋ ሸረሪት ይመክተዋል የሚል ሰው የለም። እንዲህ ያለው መዓት ሲወርድ ፈጣን ርጭት ያስፈልግ ይሆናል። ነገር ግን ያኔም ቢሆን ምርጫ ነበር፤ ጎረቤታችን ሶማሊያ በ2020 አንበጣን ብቻ የሚያጠቃ ፈንገስ የያዘ ዝግጅት በሰፊው ረጭታለች። ከእኛ የበለጠ የተረጋጋ መንግሥትና የሞላ ካዝና ስለነበራት አይደለም፤ የተሻለውን መጠየቅ ስለቻለች ነው።

ስለዚህ ለግብርና ሚኒስቴር ሊቀርብለት የሚገባው ጥያቄ «በዚህ ዓመት ስንት ሊትር አከፋፈላችሁ?» የሚለው መሆን የለበትም። ሪፖርቱ በሊትር እስከ ተጻፈ ድረስ ብዙ ሊትር ያከፋፈለ ባለሥልጣን ይሸለማል። ጥያቄው «ስንት ገበሬ ማሳውን ፈትሾ ሳይረጭ ዋለ? በምንስ አወቀ?» የሚል ቢሆን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሥራ ይለወጣል፤ ከመልእክተኛነት ወደ አስተማሪነት ያድጋል። ይህ ደግሞ ገበሬውን የሚጠይቅ ዜጋ አድርጎ መቀበልን ይጠይቃል። መንግሥታት መርዝ ከመከልከል ይልቅ የሚከብዳቸው ይኸኛው ይመስለኛል።

እስከዚያው ግን በአንድ ነገር መጀመር እንችላለን፤ ወጪ የለውም፣ መመሪያም አይፈልግም። ነገሩን በስሙ እንጥራው። መርዝ ነው።